የዩስቲና ሳጥን

ላንግባህ ማኅበር፣ ማኒቶባ
ኖቬምበር 14 ቀን 1971

ለዶክተር ኦድሪ ኮርቤት
ቶሮንቶ

በማኒቶባ ምድር እንደ እኔ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው የለም። እሺ፣ ማኒቶባ ሰፊ ነው፣ እሱን ልተወው፤ በላንግባህ ልበል። በላንግባህም የማኅበሩን ሒሳብ የሚይዘው መጋቢያችን ፓውል ለእንስሳት መኖ ነጋዴዎች የሚጽፈው አለ፤ እሱ ግን በታይፕ ስለሚመታው አይቆጠርም። እንግዲያው ከዝይ አርቢዎች መካከል አንደኛ ነኝ። በላንግባህ ዝይ አርቢው እኔ ብቻ እንደሆንኩ ታውቂያለሽ፤ ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው።

ይህን ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም። አንቺ እኛ ዘንድ ስምንት ወር ስትቀመጪ ስሜን እንኳ መጻፍ አልችልም ነበር፤ በልጅነቴ ዓይኔን ታምሜ፣ ሌሎቹ ሲማሩ እኔ መጋረጃ በተጋረደ ክፍል ተኝቼ ነበርና። አንቺ ከሄድሽ በኋላ የልጆቹ መምህር ሚስተር ሎውሪ ማታ ማታ ለትልልቆች ማስተማር ጀመረ። በሃምሳ ሰባት ዓመቴ ገባሁ፣ በሁለት ዓመት ጨረስኩ። «ዳርዮስ፣ እጅህ ከጭንቅላትህ ይፈጥናል» ብሎ አመስግኖኛል።

ደብዳቤ ጤና በመጠየቅ ይጀምራል ብሎም አስተምሮናል። ዛሬ ጤናሽን ብጠይቅ ግን ከልቤ አይሆንም። ንዴቴ ከበረደ መጨረሻው ላይ እጠይቅሻለሁ።

ስለ እኛ የጻፍሽው መጽሐፍ ደርሶኛል። «ያልተስተካከለ ነገር ካለ ንገረኝ» ብለሻል። አለ። ገጽ 31 ላይ መቶ ሃምሳ ዝይ አለው ብለሻል፤ አራት መቶ ናቸው። እሺ፣ ሦስት መቶ ሰማንያ። ገጽ 58 ላይ ስሜን አጥፍተሽ «ቁጥር ሰባት» ብለሽኛል፤ ቀጥለሽም «ቀልደኛና በመጠኑ ጉረኛ» ብለሻል። በመጠኑ? እኔ በመጠኑ የማደርገው ነገር አለ?

እነዚህን በይቅርታ አልፋቸው ነበር። ገጽ 143ን ግን አላልፍም። እንዳትረሺው ቃል በቃል ገልብጬልሻለሁ፦

«ማርታ (ስሟ ተለውጧል)፣ ያላገባችው የማዕድ ቤት ኃላፊ፣ በእንጨት ሳጥኗ ውስጥ አረንጓዴ ፈርጥ ያለው የወርቅ ቀለበት ደብቃ ትኖራለች። የሰጣት በወጣትነቷ ሊያገባት የፈለገ የባቡር ሠራተኛ ነው። ማኅበሩ ሁሉን በጋራ ቢይዝም፣ የግል ምኞት በተቆለፈ ሳጥን ውስጥ ይተነፍሳል።»

ይተነፍሳል! ሳጥን ሲተነፍስ የት አየሽ? ስሟንስ ለወጥሽ፤ ከመቶ ሦስት ሰው መካከል ሳታገባ ማዕድ ቤቱን የምትመራ ስንት ሴት አለች? ከእህቴ ከዩስቲና በቀር ማን አለ? ራሷን በጆንያ ሸፍነሽ እግሯን ውጭ ተውሽው።

ይህ ገጽ ባለፈው ወር ዝይ አርደን ላባ በምንነጭበት ቀን፣ ወንዱም ሴቱም በተሰበሰበበት ተነበበ። ማን እንዳነበበው ለጊዜው ጉዳይ አይደለም። ዩስቲና ግማሹ የተነጨ ዝይ ጉልበቷ ላይ ነበር። ቀና አላለችም። እሱን ጨርሳ ሌላ አነሳች። ቤቱ ውስጥ ከላባው በቀር የሚንቀሳቀስ አልነበረም።

እሑድ ሰባኪ ኤልያስ በወንድሞች ፊት አቆማት።

«እህት ዩስቲና፣ ቀለበት አለሽ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው ሳጥንሽን ክፈቺና እንይ፤ ነገሩ ያልቃል።»

«አልከፍትም።»

«ከሌለሽ ምን ያስፈራሻል?»

«አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ ሳጥኑን የሰጠኝ ማኅበሩ ነው፤ እንደ ማንኛዋም ልጅ። ቁልፉንም አብሮ ሰጠኝ። ክፈቺ ለማለት ከሆነ ቁልፉ ለምን ነበር?»

 በመልስ ፈንታ ከሰላም ውጪ ተደረገች። ይህ ምን እንደሆነ ስምንት ወር ተቀምጠሽ አይተሻል፤ አሁን ግን በራሷ ላይ ነው። በጸሎት ሰዓት በሩ አጠገብ ለብቻዋ ትቀመጣለች። ጥግ ባለች ጠረጴዛ ለብቻዋ ትበላለች። የሚጨብጣት የለም፣ የሚያናግራት የለም። ሳጥኗን እስክትከፍት ወይም ቀለበት ነበረኝ ብላ እስክትናዘዝ ድረስ እንደዚሁ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የያዘችው ማዕድ ቤት ለያዕቆብ ሚስት ለሳራ ተሰጠ። የሳራን ሾርባ ስለበላሁት ነው እንጂ ይህን ሁሉ ኃይለ ቃል ከየት አመጣለሁ?

ስለዚህ ለሰባኪ ኤልያስ ጻፊ። «ገጽ 143 ሐሰት ነው» በይ። በትልልቅ ፊደል።

ንዴቴ አልበረደም። ጤናሽን አልጠየቅኩም።

ዳርዮስ ግላንዘር
(ቁጥር ሰባት)


ቶሮንቶ
ዲሴምበር 1 ቀን 1971

ውድ ዳርዮስ፣

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በእጅዎ የተጻፈ መሆኑ በሌላ ቀን ቢሆን እንዴት ባስደሰተኝ ነበር።

ባዝል ዩስቲና በዚያ በር አጠገብ መቀመጧን ሳስብ መሥሪያ ቤት ገብቼ መሥራት አቃተኝ። እኔም ልጆቻችሁ እንደሚጠሯት ባዝል፣ አክስት፣ ብዬ ስጠራት ነው የከረምኩት፤ ከአክስቴ ይልቅ ለእሷ ይህ ስም ይገባታል። ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስሟን መለወጥ ይበቃል ብዬ ማሰቤ ሞኝነት ነበር። ለማያውቋት ሰዎች ሰወርኳት፤ የሚያውቋት ሰዎች ሊያነቡት እንደሚችሉ ግን አልታየኝም።

ለሰባኪ ኤልያስ ዛሬውኑ ጽፌያለሁ። ቀለበቱን በዓይኔ እንዳላየሁ፣ ከሰው የሰማሁትን እንደጻፍኩ ነግሬያቸዋለሁ። «ሐሰት ነው» ብዬ ግን መጻፍ አልቻልኩም፤ ሐሰት መሆኑን አላውቅምና። ማን እንደነገረኝም አልጻፍኩም። ካነጋገርኳችሁ ሰዎች ለእያንዳንዳችሁ ስማችሁን ላልገልጥ ቃል ገብቻለሁ።

ለብቻዋ አጥፌ ያስገባኋትን ትንሽ ወረቀት ካነበቡ በኋላ እባክዎ ያቃጥሏት።

አክባሪዎ፣
ኦድሪ ኮርቤት


ላንግባህ
ዲሴምበር 10 ቀን 1971

ዶክተር ኮርቤት፣

ትንሿን ወረቀት አንብቤ አቃጥያታለሁ። መልሱ፦ አዎ፣ ያን ቀን አስታውሳለሁ።

ኦገስት ነበር። ዝናቡ አላስወጣ ብሎን ዝይ ቤቱ ውስጥ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠሻል፣ ሰማያዊ ደብተርሽ ጉልበትሽ ላይ ነው። ዩስቲና በዝናቡ ውስጥ የድንች ቅርጫት ተሸክማ አለፈች። አንቺም እያየሻት ምን አልሽ? «ምስኪን ዩስቲና። ዕድሜዋን ሙሉ ሠርታ የእኔ የምትለው አንድ ነገር እንኳ የላትም» አልሽ።

ምስኪን! እኛ ዘንድ ምስኪን የምንለው እናቱ የሞተችበትን ጥጃ ነው። መቶ ሰው የምታበላ ሴት፣ ስትቆጣ መጋቢው እንኳ በጓሮ በር የሚወጣላት፣ ምስኪን! ደሜ ፈላ። እና ምን ማለት ነበረብኝ? «እኛ የእኔ የሚባል ነገር አንፈልግም፣ ስለዚህ አላጣችም» ማለት ነበረብኝ። እውነቱ ይህ ነው። ይህን ግን ሁሉም ነግረውሻል፤ አንቺም በአዘኔታ ራስሽን እየነቀነቅሽ ትጽፊያለሽ። የእናንተ ሰው የሚኮራው በያዘው ነገር ነው ብዬ፣ እህቴን በእናንተ ሚዛን ላስመዝናት ፈለግኩ።

«ማን አለሽ የላትም ብሎ?» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያልኩትን ታውቂዋለሽ። ቀለበቱ የለም። የባቡር ሠራተኛውም የለም። ዩስቲና ባቡር የተሳፈረችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፣ ሁለቱንም ጊዜ አጠገቧ እኔ ነበርኩ፣ ሁለቱንም ጊዜ መንገዱን ሙሉ ተኝታ ነበር።

ተናድደሽ ይሆናል። እኔም ባንቺ ተናድጃለሁ፤ ዕዳችን እኩል ነው ብዬ ግን አልልም፣ የእኔው ይብሳል። ምክንያቱም ያን ቀን ገጽ 143ን ያነበበው ማን እንደሆነ አልነገርኩሽም። እኔ ነኝ። ማንበብ ችያለሁ፣ የሚሰማኝ ሕዝብ ተሰብስቧል፣ ዝም ልበል? «አሁን ደግሞ ስለ እኛ የተጻፈውን እንግሊዝኛ አሰማችኋለሁ» ብዬ ሳጥን ላይ ቆምኩ። አነባበቤ ቃል በቃል ነው፤ አንዷን ቃል ይዤ ሌላዋን ስፈልግ ፊተኛዋ ከአፌ ወጥታለች። «ቀለበት» የምትለው ቃል ምን እንደሆነች እኔ የገባኝ ሰዉ ከሰማት በኋላ ነው። ሚስተር ሎውሪ ያመሰገነኝን ነገር ያኔ ተረዳሁት።

እሑድ በወንድሞች ፊት ቆሜ እናዘዛለሁ። ሰኞ ዩስቲና ማዕድ ቤት ትገባለች። ማክሰኞ ሾርባ እበላለሁ።

ዳርዮስ


ላንግባህ
ዲሴምበር 20 ቀን 1971

ዶክተር ኮርቤት፣

ሾርባ አልበላሁም። ማንም አላመነኝም።

ቆምኩ። «ወንድሞች፣ ዋሽቻለሁ» አልኩ። ዝናቡን፣ ባልዲውን፣ ምስኪን ያልሽውን፣ ሁሉን ነገርኳቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ሳልጨምር ሳልቀንስ ተናግሬ አላውቅም። ሰባኪ ኤልያስ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

«ዳርዮስ፣ ባለፈው ዓመት ቀበሮ በእጄ አንቄ ገደልኩ ያልከን አንተ አይደለህም?»

«ነኝ።»

«አንቀሃል?»

«እሷ እንኳ... ሞታ ነው ያገኘኋት።»

«በአውሎ ነፋሱ ጊዜ አሥራ ሁለት ዝይ በብብቴ ይዤ ሮጥኩ ያልከውስ?»

«አራት ናቸው።»

ያዕቆብ ከኋላ ሆኖ፣ «ሁለት ናቸው፤ እኔ አጠገቡ ነበርኩ» አለ። ሳቅ በሳቅ ሆነ። በፍርድ ላይ ሲሳቅ ያን ቀን አየሁ።

ሰባኪ ኤልያስ ሳቁን አስቆመና፣ «ወንድም ለእህቱ ብሎ ጥፋት ሲሸከም ደስ ይላል። ደስ ስላለን ግን እውነት አይሆንም። ትናንት እውነት ያልከው ዛሬ ውሸት ነው፤ የዛሬውስ ነገ ምን ይሆናል?» አለ። ያንቺንም ደብዳቤ አነበበ። «ከሰው የሰማሁት ነው» ማለትሽ ባሰ፤ «እንግዲያው የሚያውቅ ሰው አለ» አሉ። ቤተ ክርስቲያን ሙሉ ሰው እየተዟዟረ ጎረቤቱን ማየት ጀመረ፣ እኔን ግን ያየኝ የለም!

ማክሰኞ ዩስቲና ዝይ ቤት መጣች። እኔን እንዳታናግር ስለተከለከለች ፊቷን ወደ ዝይዎቹ አዞረች።

«ዝይዎች፣ ወንድሜን ካያችሁት እንዲህ በሉልኝ። ስልሳ አንድ ዓመት ስኖር ቀለበት አምሮኝ አያውቅም። አሁን ግን አንድ ቢኖረኝ እንደ አሳማ አፍንጫው ላይ አስገባለት ነበር።»

እኔም ለዝይዎቹ፣ «ሳጥኑን ትክፈተውና ይለቅላት በሏት» አልኩ።

«ለዚያ ወፍ ራስ ንገሩት፤ ዛሬ የእኔ ከተከፈተ ነገ የሳራ ይከፈታል፣ ከነገ ወዲያ የልጃገረዶቹ። በዚህ ማኅበር ልብሴም አልጋዬም ጊዜዬም የሁሉ ነው፣ ደስ ብሎኝ ሰጥቻለሁ። አንድ ክንድ የምትሞላ ሳጥን ግን ከእኔና ከእግዚአብሔር በቀር ማንም አያያትም ተብያለሁ። ባዶም ብትሆን አልከፍታትም።»

«ብርድ ነው፣ ሻርፕሽን ጠቅልይ በሏት» አልኩ። ሄደች።

ይህን ደግሞ ሳልጨምር ስሚ። በዚያው ሳምንት ለጸሎት ስንገባ ሴቶቹ ሁሉ፣ ሳራ ሳትቀር፣ ከውስጥ ልብሳቸው በክር የሚያንጠለጥሉትን የሳጥን ቁልፍ ከላይ አውጥተውት ነበር።  አርባ ቁልፍ ደረት ላይ ሲንጠለጠል ድምፅ አለው። ሰባኪ ኤልያስ የስብከቱን መስመር ሁለት ጊዜ ሳተ።

አሁን የሚያድነን ሰማያዊው ደብተርሽ ብቻ ነው። ያን ቀን ያልኩትን ሁሉ ስትጽፊ አይቻለሁ። እኔ እንዴት እንደምዋሽ ያሳያልና ገጹን ላኪው።

ዳርዮስ


ቶሮንቶ
ጃንዋሪ 4 ቀን 1972

ውድ ዳርዮስ፣

አልችልም። ልቤ አይደለም እምቢ የሚለው፣ እባክዎ ይህን ይመኑኝ። ማስታወሻዎቹ በዩኒቨርሲቲው ቁም ሳጥን ተቆልፈዋል፤ ያነጋገርኳቸው ሰዎች ማንነት እንዳይገለጥ ፈርሜያለሁ። ይህ ሕግ የተሠራው እንደ እርስዎ ያሉትን ሰዎች ለመጠበቅ ነው። ገጹ ከወጣ በእርስዎ ላይ የሚደርሰውን ሁለታችንም እናውቃለን።

ሌላ መንገድ እየፈለግኩ ነው። ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ።

ኦድሪ


ላንግባህ
ጃንዋሪ 15 ቀን 1972

ዶክተር ኮርቤት፣

ከማን ነው የምትጠብቂኝ? ከእህቴ? ከኤልያስ? ከእሱ ጋር በአንድ ኩሬ ዋና የተማርን ነን። ማን ጠብቂኝ አለሽ? ዩስቲናን አደባባይ ላይ አውጥተሽ፣ እኔን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈሽ፣ ይህን ጥበቃ ትይዋለሽ? የተጠበቀው ዋሾው ነው። በሩ አጠገብ የተቀመጠችው ደግሞ ያልዋሸችው ናት። ይህን ሕግ ያወጣው ሰው ዝይ እንኳ ጠብቆ አያውቅም!

ስሚኝ። እኔ የእኔ የምለው ነገር የለኝም። ጫማዬ የማኅበሩ ነው፣ ዝይዎቹ የማኅበሩ ናቸው፣ ይህን የምጽፍበት እርሳስ እንኳ የትምህርት ቤቱ ነው። በዓለም ላይ የግሌ የሆነ አንድ ነገር ቢኖር ያን ቀን የዋሸሁት ውሸት ነው። ማንም አላገዘኝም፣ ከማንም ጋር አልተካፈልኩትም። እሱንም ወስደሽ ቆለፍሽበት። «የግል ምኞት በተቆለፈ ሳጥን ውስጥ ይተነፍሳል» ያልሽው የማን ሳጥን ኖሯል?

ዩስቲና ክፈቺ ሲሏት እምቢ ያለችው የራሷን ነው። አንቺ እምቢ የምትይው የእኔን ነው። ልዩነቱ ይግባሽ።

ዩስቲና ዛሬ ስልሳ ሁለት ዓመት ሞላት። ሕፃናቱ በየዓመቱ በመስኮቷ ሥር ይዘምሩላት ነበር። ዘንድሮ እናቶቻቸው እጃቸውን ይዘው አሳለፏቸው። ትንሿ ዶሮቴያ ግን ዞራ እጇን አወዛወዘችላት፤ ስለዚህም ተቆጧት።

ቁጥር ሰባት ሞቷል። ስሜን ሦስት ጊዜ ጽፌልሻለሁ፣ ፈቃድ ከተባለ ይኸው ፈቃድ፦

ዳርዮስ ግላንዘር
ዳርዮስ ግላንዘር
ዳርዮስ ግላንዘር


ቶሮንቶ
ጃንዋሪ 28 ቀን 1972

ውድ ዳርዮስ ግላንዘር፣

ገጹ አብሮ ተልኳል። ለኃላፊዎቼ ሦስቱን ፊርማዎች አሳየኋቸው። አሁንም አልተስማሙም፤ ቁም ሳጥኑን ግን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ተጠያቂዋም እኔው ነኝ።

ገጹን ከላክኩ ዘንድ እኔም የምናገረው አለኝ። ለሁለት ዓመት ሳላየው ቆይቼ ትናንት አነበብኩት። ያን ቀን አንድ ታሪክ ብቻ አልነገሩኝም። ሦስት ነገሩኝ። መጀመሪያ ሰዓት ነበር፣ ቀጥሎ የብር ማበጠሪያ፣ በመጨረሻ ቀለበት። እያንዳንዱን ሲናገሩ ፊቴን ያዩ ነበር፤ ይህንንም ጽፌዋለሁ። አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ሲለዋውጥ ምን ማለት እንደሆነ ማንኛዋም ተማሪ ታውቃለች። እኔም አውቅ ነበር። ሦስተኛውን መርጬ ሁለቱን ተውኳቸው። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ሦስተኛው ስለሚያምር ነው።

«ምስኪን» ማለቴንም ጽፌዋለሁ። አልሰረዝኩትም።

መጽሐፉ ዳግመኛ ሲታተም ገጽ 143 አይኖርም። ባዝል ዩስቲናን ይቅርታ ለመጠየቅ ለእሷ የጻፍኩት ለብቻው ታሽጓል። እባክዎ እርስዎ እንዳያነቡላት።

ኦድሪ


ላንግባህ
ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1972

ኦድሪ፣

በመጀመሪያ፣ እንዴት ነሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራሽንስ አልቀሙሽም? ከኖቬምበር ጀምሮ ያለብኝን ሁሉ አንድ ላይ መጠየቄ ነው።

ገጹን በወንድሞች ፊት ያነበብኩት እኔ ነኝ። ሚስተር ሎውሪ ያንብበው ብለው ነበር፤ እኔ እምቢ አልኩ። አሁንም አነባበቤ ቃል በቃል ነው፤ በዚህ ጊዜ ግን የሚመጣውን ቃል አውቀው ነበር፣ እያወቅኩም አነበብኩት።

«ቁጥር 7፦ እህቱ ሰዓት አላት አለ። ወርቅ ነው ወይ ብዬ ስጠይቀው ፊቴን አየና፣ ሰዓት እንኳ አይደለም፣ የብር ማበጠሪያ ነው አለ። ዝም አልኩ። ዝም ስል ማበጠሪያው ያልበቃኝ መሰለው። ቀለበት ነው አለ። ፈርጥ አለው ወይ አልኩ። አለው። ቀለሙ? ዝይ ቤቱን ዙሪያውን አየ። በሩ አረንጓዴ ነው። አረንጓዴ አለ።»

እዚህ ላይ ስደርስ ያዕቆብ አፉን በባርኔጣው ያዘ። በሩን አረንጓዴ የቀባው እሱ ነውና። ሰባኪ ኤልያስ ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ ራሱ ደግሞ አነበበው።

«ይሄ ዳርዮስ ነው» አለ። «በዚህ ማኅበር እንደዚህ የሚዋሽ ሌላ ሰው የለንም።»

ከተነገረልኝ ምስጋና ሁሉ የረዳኝ ይህ ነው።

ከዚያ ዩስቲናን ከበሩ አጠገብ አስነስቶ እጇን ጨበጣት። ወንድሞች በተራ ጨበጧት። እኔ ተራዬ ሲደርስ እጄን ዘረጋሁ፣ ከዚያ የእኔ ጉዳይ ገና መሆኑ ትዝ አለኝና መለስኩት። በመጨረሻ መጋቢው ፓውል፣ ቁጥር ወዳድ ነውና፣ «ሳጥኑስ?» አለ።

«የምን ሳጥን?» አለ ሰባኪ ኤልያስ።

አርባ ቁልፍ በአንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ተመለሰ።

እኔ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሰላም ውጪ ነኝ፣ እስከ ፋሲካ። በሩ አጠገብ ነፋስ ይገባል፤ ዩስቲና ሦስት ወር ሙሉ አንድም ቀን አላማረረችም፣ እኔ በሦስተኛው ቀን አማረርኩ። የሚገባኝ ነው። ያጠፋሁት ግን ቀለበቱን ብቻ አይደለም፤ የሌላትን ነገር ጨምሬላት እህቴን ትልቅ ያደረግኳት መስሎኝ ነበር። ከጥጉ ጠረጴዛ ሆኜ፣ ወደ ማዕድ ቤቷ ተመልሳ ሳያት፣ በእንፋሎቱ መሐል ቆማ ለመቶ ሰው ስትቆርስ፣ ምን ሊጨመርባት ኖሯል?

ባለፈው ሳምንት በላክሽው ካርድ ሳጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ ለጠየቅሽኝ መልሴ አላውቅም ነው። ባውቅም አልነግርሽም። ለእሷ የላክሽውን የታሸገውን ሰጥቻታለሁ፣ አላነበብኩትም። ከፍታ ስታነበው አየሁ፣ አጥፋ ኪሷ ከተተችው። የት እንደምታኖረው ሁለታችንም እናውቃለን።

ትናንት የኑድል ሾርባ ነበር። ሳህኑን ጥጉ ላይ ወዳለችው ጠረጴዛዬ ራሷ ይዛው መጣች። ስታስቀምጠው ዝቅ ብላ፣ «ብላ እንግዲህ፣ የዝይ ንጉሥ» አለችና ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ሁለታችንም እንደ ልጅነታችን ሳቅን።

ሚስተር ሎውሪ ደብዳቤ ከመታጠፉ በፊት ተመልሶ ይነበባል ይላል። አሁን ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። ቁልፎቹ እውነት ናቸው። ያዕቆብና ባርኔጣው እውነት ናቸው። የዝይዎቹ ቁጥር እንኳ፣ ከፈለግሽ ሦስት መቶ ስልሳ አድርጊው።

ዩስቲና ግን አልሳቀችም። ምንም አላለችም። ሳህኑን አስቀምጣ ማንኪያውን ወደ እኔ አዞረችና ሄደች።

እንግዲህ ሁለት አድርጌ ነግሬሻለሁ። በዚህ ጊዜ የማያምረውን ምረጪ።

ዳርዮስ ግላንዘር